ከእኛ የተቀዳው የሕንድ ንጉሥ

ሁሉ ነገር ከእኛ የተቀዳ የሚመስለው ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ጠዋት ጠዋት ጺሜን ስላጭ አየዋለሁ።

የምሠራበት ካዚኖ በኮሮና ተዘግቶ ቤት የዋልን ጊዜ፣ እዚህ ባሕር ማዶ፣ ዊንቸስተር የምትባል ከተማ ያለው አፓርታማችን በር ላይ ሕንዳዊው ጎረቤቴ የአገራቸውን የድሮ የቤተ መንግሥት ሥዕል አሳዩኝ። ንጉሡ አበባ መሀል ተቀምጧል፤ ዓይኑ ትልቅ ነው።

«ይሄማ ከቤተ ክርስቲያናችን ሥዕል የተወሰደ ነው» ብዬ፣ ማስኬን አገጬ ላይ አውርጄ ግማሽ ሰዓት ሙሉ አስረዳኋቸው።

ሽማግሌው እስክጨርስ ጠበቁኝ።

«አያቴ ሠዓሊ ነበሩ» አሉኝ። «ብሩሽ ከማንሳታቸው በፊት፣ የእኛን ሰዎች ያስተማሩትን የፋርስ ሠዓሊዎች ያመሰግኑ ነበር። እናንተስ ማንን ታመሰግናላችሁ?»

ማስኬን እስከ ዓይኔ ሥር ሳብኩት፤ ለኮሮናው ብዬ ግን አልነበረም።