ቀይ ክር የታሰረበት ጣሳ

በእኛ አገር ሐኪም የሚያስፈልገው የጎረቤትን ምርመራ ለማጽደቅ ብቻ ነው። ከሳልክ ቲቢ ነህ፤ ዓይንህ ከቀላ ጢስ ነው፤ እግርህ ካበጠም ጫማህ ጠቦህ ነው። ራጅ፣ ላቦራቶሪ… ለምን ይደከማል?

እኔ ቢቸና ላይ ሦስት ወር ሙሉ ሳልኩ። በየወሩ በምንጠጣው ማኅበር ጠላው የሚቀመሰው ከእጅ ወደ እጅ በሚዞር ዋንጫ ነው። ዋንጫው እኔ ጋ ሲደርስ ዘለለኝ። በምትኩ እጀታው ላይ ቀይ ክር የታሰረበት ጣሳ ለብቻዬ ቀረበልኝ። የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለትም ሰብሳቢያችን ጋሽ አያሌው፣ «ለክብርህ ነው» አሉኝ። ይህን ሁሉ ዘመን ዜና ስሠራ ያላገኘሁት ክብር በሳል ተገኘ!

አክታዬ ተደጋግሞ ተመረመረ፤ ቲቢ የለም። ወደ ትልቅ ሆስፒታል ተላክሁ፤ ከሳንባዬ ናሙና ተወሰደ። በመጨረሻ ሐኪሟ «ሳርኮይዶሲስ ነው» አለችኝ። «የሰውነትዎ ወታደሮች ጠላት በሌለበት እየተሰበሰቡ ትንንሽ እብጠት ይሠራሉ።»

ወዲያው ገባኝ። ያለ አጀንዳ የሚሰበሰብ ኮሚቴ ስዘግብ ነው የኖርኩት።

«ይተላለፋል?»

«አይተላለፍም። መልኩ ግን በሁሉም ላይ አንድ አይደለም። ሰሜን አውሮፓ ብዙዎችን ቁርጭምጭሚታቸውን አሳብጦ፣ አተኩሷቸው፣ በራሱ ጊዜ ይሄዳል። ጃፓን ዓይንና ልብ ላይ ይበረታል። ጥቁር ሕዝቦች ላይ ብዙ ቦታ ይነካል፤ ይቆያልም።»

«ለእኛ ጠንካራው ተመደበልን በይኛ!»

«ሴቶችን ደግሞ ከወንዶች ይልቅ ዓይናቸውንና ቆዳቸውን ያጠቃል። ባይተላለፍም በአንድ ቤተሰብ ሊደጋገም ይችላል፤ ከቤተሰብዎ ዓይኑ የሚቀላ፣ ብርሃን የሚያስቸግረው ሰው አለ?»

«የለም» አልኩ፤ እንደ ዜና አንባቢ ረጋ ብዬ።

ሞጣ ላይ ጥልፍ የምትጠልፈው ታላቅ እህቴ ዓይኗ ቀልቶ ቤት ውስጥ ጥቁር መነጽር ማድረግ ከጀመረች ከርማለች። እሱ ግን የጥልፍ ነው። አንባቢ ሆይ፣ ዝም ብዬ አይደለም፤ በሦስት ምንጭ አጣርቻለሁ። ሦስቱም የአንድ ግቢ ጎረቤቶቿ ናቸው።

«አይተላለፍም» የሚለውን ወረቀት ይዤ ሞጣ ወረድኩ፤ ደስ እንዲላት።

«እንኪ አንብቢው፣ እታለም።»

ወረቀቱን አፍንጫዋ ላይ ለጠፈችው። ወደ መስኮቱ ዞረች፤ ብርሃኑ ሲወጋት ተመለሰች። እያወራች፣ ሳታይ ማለት ይቻላል፣ በመርፌ ክር ታሾልክ የነበረች ሴት!

«አንተው አንብብልኝ፣ ወንድምዓለም።»

አነበብኩላት። ሐኪሟ የነገረችኝንም ጨመርኩ፤ አውሮፓ፣ ጃፓን፣ ሴቶች… ዓይን ላይ ስደርስ ድምፄ አነሰ።

«ቆይ… ስለ ዓይን ጠይቃሃለች?»

«ጠይቃኛለች።»

«ምን አልካት?»

«የለም።»

«እኔ ታዲያ ምንህ ነኝ?»

«አንቺማ… የጥልፍ ነሽ።»

ቀሚሷን ከፍ አድርጋ ቅልጥሟ ላይ የቀሉ እብጠቶች አሳየችኝ። «ይሄስ? በእግሬ ነው የምጠልፈው?»

በማግስቱ ሐኪሟ ፊት ነበርን። የዓይን ሐኪምም ተጠርቶ አያት። አንድ እናት የወለደችን ሁለት ሰዎች፣ አንድ በሽታ፤ እኔን በሳንባ፣ እሷን በዓይንና በቆዳ። «ትንሽ ቢቆዩ ዓይንዎ ሊጠፋ ይችል ነበር» ተባለች። ጠብታውና ክኒኑ ተጀመረ። ሐኪሟ ወደ እኔ ዞራ «የለም ብለውኝ ነበር» ስትል፣ ሙያዬን እንዳትጠይቀኝ ብቻ ጸለይኩ።

ከሁለት ወር በኋላ በማኅበሩ ቀን እህቴን ይዤ ቢቸና ገባሁ። ሁሉም በተሰበሰበበት ቆሜ ወረቀቱን አነበብኩ።

«ተመስገን!» አሉ ጋሽ አያሌው። «አይተላለፍም ነው የምትለን?»

«ከቶ አይተላለፍም።»

«እህትህንም የያዛት ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው።»

ጋሽ አያሌው ጥቂት አሰቡ። ከዚያ ወደ ጓዳ ጮኹ፤ «ሁለተኛ ጣሳ አምጡ! ከዚያው ክር እሰሩበት!»

እኔ ሳይንስ ልተነትን አፌን ስከፍት እህቴ ጣሳውን ተቀበለች። ያለ መነጽር፣ እጇን ዘርግታ፣ ከሩቅ አየችው።

«ቀይ ክር ስትለኝ የከረምከው ይሄን ነው?»

«አዎ።»

«ብርቱካናማ ነው እንጂ። ቋጠሮውም ተጣሟል፤ ማን ነው ያሰረው?»

በሙያዬ እንዲህ ደስ ብሎኝ ተሳስቼ አላውቅም። ስለዚህ፣ እርማት፦ ከላይ በርዕሱም ጭምር ቀይ ያልኩት ክር ብርቱካናማ ነው። ምንጬ አንድ ብቻ ናት፤ ግን ታያለች።