አራት እጅጌ

«አራት እጅ ያለው ልጅ የወለደች ሴት ዓለም ገና ከተማ ውስጥ ካለች ጥራት» አለ አጎቴ ጀማል። «በነፃ አለብስላታለሁ።»

«ድምፅህን ዝቅ አድርግ። ሰው ይሰማል» አለ አባቴ።

«ይስማ። ባጃጄን ሸጬ የውሻ ካፖርት እንዳስመጣሁ አገር ይስማ።»

እኔ ከባንኮኒው ኋላ ቆሜ አንዷን ካፖርት ለሦስተኛ ጊዜ አጥፌ አስቀመጥኳት። ቀይ ናት። ውጪዋ ዝናብ አያስገባም፣ ውስጧ እንደ ብርድ ልብስ ይሞቃል። አራት አጫጭር እጅጌዎች፣ ሆድ ላይ የሚቆለፉ አዝራሮች፣ ከበስተኋላ ደግሞ አንዲት ክብ ቀዳዳ አሏት። ቀዳዳዋ ለምን እንደሆነች ማንም ጮክ ብሎ መናገር አልፈለገም። ጭራ ያለው ያውቃታል። እንዲህ ያለ ልብስ አርባ ካርቶን ሙሉ ሱቃችን ውስጥ ተደርድሯል።

መቼም ትስቃላችሁ። ሳቁ፤ እኔም ቤታችን ባይሆን ኖሮ እስቅ ነበር። ግን ነገሩ እንዴት እንደሚሆን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ነገ እናንተንም ያጋጥማችኋል። ሩቅ አገር አንድ ሱቅ ይከስርና ይዘጋል። የቀረው ዕቃ አይቆጠርም፣ አይመረጥም፤ እንዳለ ተጠራርጎ በጅምላ ለሽያጭ ይቀርባል። እናንተ የምታዩት ስልክ ላይ ሁለት ሦስት ፎቶና አንድ ገጽ ዝርዝር ብቻ ነው። ዋጋው ምራቅ ያስውጣል። መንካት የለም፣ መመለስ የለም። አባቴ በሕይወቱ ሸሚዝ ሲገዛ ስፌቱን ገልብጦ፣ ጨርቁን በጥርሱ ነክሶ ነው። ያ ሰው የልጅ ልብስ ነው ብሎ አርባ ካርቶን በፎቶ ገዛ።

ፎቶው ላይ ልብሶቹ ታጥፈው በላስቲክ ታሽገዋል። በእያንዳንዱ ላስቲክ ላይ የውሻ ሥዕል አለ። አጎቴ ሥዕሉን አይቶ «ይሄ ምንድን ነው?» ብሎ ጠይቆ ነበር፤ አይካድም። አባቴ ግን የነጋዴ ልጅ ነው። «የድርጅቱ ምልክት ነዋ» አለ። «አዞ ያለበት ሸሚዝ ሸጠን የለም? ፈረስ ያለበትስ? ምልክት ያለው ዕቃ ይፈለጋል።» አጎቴ አመነ። እውነት ለመናገር አነጋገሩ ያሳምን ነበር።

ዕቃውን የሸጠልን ሰው አልዋሸንም። «የተቀላቀለ ልብስ፣ አዲስ፣ ዝናብ የማያስገባ፣ ከትንሽ እስከ ትልቅ» ብሎ ነው የጻፈው። ሁሉም እውነት ነው። ለማን እንደሆነ ብቻ ዝም አለ።

እኔም እንደሱ ዝም አልኩ።

እኛ ቤት እንግሊዝኛ ሲመጣ የምጠራው እኔ ነኝ። ያን ዕለት ዝርዝሩን ያነበብኩላቸው እኔ ነበርኩ። ከመጠኖቹ ጎን «የጀርባ ርዝመት» የሚል አምድ አየሁ፤ ሠላሳ፣ ሃምሳ፣ ሰባ እያለ ይሄዳል። ገረመኝ። የልጅ ልብስ እኛ ጋ በዕድሜ ነው የሚጠራው፤ የሁለት ዓመት፣ የአራት ዓመት። ጀርባውን የሚለካ ሕፃን አላውቅም። ቀና ስል አባቴ ፈገግ ብሏል፣ አጎቴ የባጃጁን ገዢ ደውሎ ጠርቷል፣ እናቴ «አላህ በረካ ያድርገው» ብላለች። በዚህ መሃል አንዲት የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጅ «ጀርባው ግን…» ብላ ምን ታመጣለች? ምናልባት ፈረንጅ ልጁን በጀርባው ይለካ ይሆናል ብዬ ዋጥኩት። ዝም አይነቅዝም ይባላል። ይህን ያለው ሰው ዕቃ በመርከብ አስጭኖ አያውቅም።

ዕቃው ዱባይ ደረሰ። እዚያ ያለ የአባቴ ወዳጅ ከሌሎች ነጋዴዎች ዕቃ ጋር በአንድ ኮንቴይነር አስገባው። ከዚያ ጅቡቲ፣ ከዚያ ሞጆ። ሞጆ ላይ የጉምሩክ ፈታሹ አንድ ካርቶን ከፍቶ፣ አንዷን ካፖርት አንሥቶ አየና ፈገግ አለ። አባቴ ፈገግታውን እንደ መልካም ገድ ቆጥሮት እየዘፈነ ነው ቤት የገባው።

ካርቶኖቹ የተከፈቱ ዕለት ግን ዘፈን አልነበረም። አባቴና አጎቴ አያቴ ከሞተ ጀምሮ በዚህ ሱቅ አብረው ቆመዋል፤ አንዱ ሲሰግድ አንዱ ይሸጣል፣ አንዱ ሲታመም አንዱ ይከፍታል። አሁን አጎቴ ሜትርና ጠመኔ ይዞ መጣ። ከበሩ እስከ ጓዳው ሱቁን ለካና መሃል ለመሃል ነጭ መስመር አሰመረ። ብሎኬቱ ቅዳሜ ይመጣል አለ። መስመሩ ያለፈው እኔ በርጩማ አድርጌ በምቀመጥበት ቦታ ላይ ነው። ግድግዳው ሲቆም ከየትኛው ወገን እንደምሆን የነገረኝ የለም፤ እኔም አልጠየቅሁም። መቼ ጠይቄ አውቃለሁ?

ጭቅጭቁ እዚህ ላይ ሳለ ነው ኦቦ ቶሎሳ የገቡት። ኦቦ ቶሎሳ የሱሉልታ ሰው ናቸው፣ የወተት ላሞች አሏቸው። በየሁለት ሳምንቱ ከጎናችን ካለው ዘይት መጭመቂያ ለላሞቻቸው መኖ የሚሆን ፋጉሎ ያስጭናሉ፤ እስኪጫን ድረስ እኛ ጋ አረፍ ይላሉ።

«አካም ጅርቱ?» አሉ። ሰላምታቸውን በደንብ የመለሰላቸው አልነበረም። እሳቸውም አልተቀየሙም፤ ካፖርቷን ከፊቴ አነሡና ገለበጧት፣ ክንዳቸውን በእጅጌዋ አሾልከው ሙቀቷን ለኩ።

«ለውሻ ነው ኦቦ ቶሎሳ» አለ አጎቴ። «ይሳቁ፣ አይፍሩ። እኛም ለምደነዋል።»

አልሳቁም። «ውሻማ የራሱ ጠጉር አለው» አሉ። «ሱሉልታ በክረምት የሚንቀጠቀጠው ጀቢ ነው፣ ጥጃው። አዲስ የተወለደ ጥጃ ጆንያ አስሬለት አድራለሁ፤ ሲነጋ ጆንያው ርሶ በረዶ ሆኖ አገኘዋለሁ። አምና ሁለት ሞቱብኝ።» ቀዳዳዋን በጣታቸው እየነኩ «ጭራውን እንኳ አስበውለታል። ትልቁ የቱ ነው?» አሉ።

አባቴና አጎቴ በሳምንቱ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ተያዩ።

በማግስቱ አራት ካርቶን ይዘን ወደ ሱሉልታ ወጣን። እኔ የተወሰድኩት መለያውን እንዳነብ ነው። ስንነሣ እናቴ መወልወያ ይዛ ጠመኔው መስመር አጠገብ ቆማለች። «ወይ ይህን ጠርጌ እጠብቃችኋለሁ፣ ወይ ብሎኬቱን አስገባለሁ። እዚያ ስትደርሱ ደውሉልኝ» አለች።

በረቱ ውስጥ ሦስት ቀን የሆነው ጥቁርና ነጭ ጥጃ እግሮቹን አንፈራጥጦ ይንቀጠቀጣል። አጎቴ ሳይለካ ገዝቶ አንዴ የተቃጠለ ሰው ነውና ከኪሱ ያንኑ ሜትር አወጣ። ከትከሻው እስከ ጭራው ሥር ዘረጋው።

«ሰባ» አለ።

እኔ መለያውን አየሁ። «ሰባ» አልኩ።

አባቴ ከፊት፣ ኦቦ ቶሎሳ ከኋላ ያዙ። ጥጃው አጎቴን ሁለቴ ረገጠው። አዝራሩ ሲቆለፍ ግን ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ቀይ ካፖርት ለብሶ ለጉብኝት የመጣ ኃላፊ መሰለ። እናቱ አሸተተችው፣ አንድ እርምጃ ሸሸች፣ ተመልሳ ጆሮውን ላሰችው። ትንሽ ቆይቶ መንቀጥቀጡ ቀነሰ። ኦቦ ቶሎሳ እጃቸውን ካፖርቱ ሥር አስገብተው ለረጅም ጊዜ አላወጡትም። «ሞቋል» አሉ በመጨረሻ። አንገታቸውን አዙረው ዓይናቸውን ጠረጉ።

ጎረቤቶች በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አሰገጉ። አንደኛው ለሁለት ጥጃ፣ ሌላኛው ለአምስት ጠየቀ። አንዲት እናት «ትንሿ ለበግ ግልገል አትሆንም?» አሉ። ሆነች። ነገ ጠዋት ወተት በሚሰበሰብበት ቦታ ሰው ሁሉ ካፖርቷን ሊያይ እንደሚመጣ ኦቦ ቶሎሳ ነገሩን። አባቴ ወደ እናቴ ደወለ። «ጥረጊው» አለና ስልኩን ዘጋው። እኔ ከስንት ቀን በኋላ እፎይ አልኩ።

አጎቴ የተረገጠ ጉልበቱን እያሸ ይስቅ ነበር። ሳቁ ሞቅ እንዳለ ወደ እኔ ዞረ።

«ሀዩ፣ የጀርባው ልክ መለያው ላይ ነበር እንዴ?»

«መለያው ላይም አለ» አልኩ። ማቆም እችል ነበር። ግን ደስ ብሎኝ ነበር፤ ደስታ ደግሞ ፈሪን ያደፋፍራል። «መጀመሪያ ዝርዝሩ ላይም ነበር። ሳይገዛ አይቼዋለሁ። የልጅ እንዳልሆነ ጠርጥሬ ዝም አልኩ።»

አጎቴ ሳቁን አቆመ። እኔን አየኝ፣ ካፖርት የለበሰውን ጥጃ አየ፣ እንደገና እኔን አየኝ። ከዚያ ሜትሩን ቀስ ብሎ ጠቀለለ፣ መዳፌን ከፍቶ አስቀመጠበትና «ከእንግዲህ ሳይገዛ ተናገሪ» ብሎ እያነከሰ ወደ መኪናው ሄደ።