በማለዳ የመጣች ደሴት

(ወልድያ፤ በጦርነቱ መብራቱም ስልኩም መንገዱም ከተቋረጠ ወዲህ። ገና ጎህ ሲቀድ ነው። የአያሌው ልጅ ሮማን መርሳ ላይ የመጀመሪያ ልጇን ለመውለድ ደርሳ ነበር፤ እናቷ አስካለም አብራት አለች። አያሌው ወሬያቸውን ካጣ ሰንብቷል። ጎረቤቱ ሸሻይ፣ ጡረታ የወጡት የጂኦግራፊ መምህር፣ ሮማን በሰላም መገላገሏን ትናንት ማታ ሰምተዋል። ይሁንና አያሌው ደም ግፊት አለበት፤ ኪኒኑም አልቆበታል። ድንገተኛ ደስታ እንዳይጥለው ቀስ አድርገው ሊነግሩት ቆርጠው ገብተዋል።)

ሸሻይ፦ ቁጭ በል አልኩህ።

አያሌው፦ በገዛ ቤቴ ብቆም ምን አለበት ጋሼ?

ሸሻይ፦ ቆሞ የሚሰማ ሰው ግማሹን ነው የሚሰማው። ቁጭ በል።

አያሌው፦ የሚሰማ ነገር አለ ማለት ነው?

ሸሻይ፦ ምንም የለም። ለጨዋታ ነው የመጣሁት።

አያሌው፦ ወፍ ሳይንጫጫ?

ሸሻይ፦ እንቅልፍ እምቢ ቢለኝ ነዋ።

አያሌው፦ (ቀስ ብሎ እየተቀመጠ) ነጠላዎን ምነው እንደ ለቀስተኛ አዘቀዘቁት?

ሸሻይ፦ (ራሳቸውን ያያሉ) በጨለማ ለብሼው ነው። መብራት በሌለበት ከተማ ጥለቱን ከላይ ከታች ማን ይለየዋል?

አያሌው፦ አብዱልጀሊልና ወርቅነሽስ ደጄ ላይ ምን ይሠራሉ?

ሸሻይ፦ ከጉድጓድህ ውሃ ሊቀዱ ነው። እንደ ወትሮው።

አያሌው፦ ወትሮማ ጀሪካን እያንኳኩ ሰፈሩን ይቀሰቅሳሉ። ዛሬ ይንሾካሾካሉ።

ሸሻይ፦ ዝም በሉ ያልኳቸው እኔ ነኝ።

አያሌው፦ ምነው?

ሸሻይ፦ በጸጥታ እንድንጫወት። በል አሁን ዓይንህን ጨፍን። በሐሳብ አንድ ቦታ እወስድሃለሁ። ካሪቢያን በሚባል ባሕር ላይ፣ የሰው እጅ ያላበላሻት አንዲት ትንሽ ደሴት አለች።

አያሌው፦ ማን አለን እዚያ?

ሸሻይ፦ ማንም የለንም።

አያሌው፦ ዘመድ ከሌለን ለምን እንሄዳለን? ለቅሶ ነው?

ሸሻይ፦ ጉብኝት ነው የምልህ። ሰው የሚሄደው ለማየት ብቻ ነው።

አያሌው፦ የታመመ ለማየት።

ሸሻይ፦ የታመመ የለም። ከአየሯ ንጽሕና የተነሣ እዚያ የሚታመም የለም።

አያሌው፦ (ዓይኑን ይገልጣል) ጭራሽ የሚታመም የለም?

ሸሻይ፦ ጨፍን ብዬሃለሁ። ጩኸት የለም፤ የመሣሪያ ድምፅ የለም፤ ሐሳብ የለም። ሰዉ ሁሉ ነጭ ለብሶ፣ በነጭ አሸዋ ላይ ቀስ እያለ ይመላለሳል።

አያሌው፦ ነጭ ለብሶ።

ሸሻይ፦ ፀሐዩ ስለሚያቃጥል ነው።

አያሌው፦ ስልክስ ይሠራል?

ሸሻይ፦ አይሠራም። ውበቷ እሱ አይደል? የሄደ ሰው አይደውልም፤ አይደወልለትም።

አያሌው፦ መኪናስ?

ሸሻይ፦ አይደርስባትም። መብራት እንኳ የላትም። ባሕሩን በጀልባ ያሻግሩሃል።

አያሌው፦ ዕቃ ይዞ ይገባል?

ሸሻይ፦ ምን ሊያደርግልህ? ሁሉን ጥለህ ነው የምትሄደው።

አያሌው፦ (በቀጭን ድምፅ) ተመልሶ የመጣ ሰውስ አለ?

ሸሻይ፦ (በኩራት) አንድ ጊዜ የሄደ መመለስ አይሻም። የአውሮፕላን መጽሔት ላይ ነው ያነበብኩት።

አያሌው፦ ወጣቶችም ይሄዳሉ?

ሸሻይ፦ የሚበዙትማ ወጣቶች ናቸው። አዲስ ተጋቢዎች።

(አያሌው ራሱን በሁለት እጁ ይይዛል።)

ሸሻይ፦ አየህ፣ መረጋጋት ጀመርክ። አሁን ባሕሩን አስብ።

አያሌው፦ ጋሼ፣ ብቻዋን ነው የሄደችው?

ሸሻይ፦ ማን?

አያሌው፦ ወይስ ሕፃኑን ይዛ?

ሸሻይ፦ (ደንግጠው) ስለ ሕፃኑ ማን ነገረህ? እኔ ለአንድ ሰው እንኳ አልተነፈስኩም።

አያሌው፦ (ብድግ ብሎ ይጮኻል) ዋይ ልጄን። ዋይ ሮማን።

ሸሻይ፦ አትጩህ፣ ግፊትህ ይነሣል። ወደ ደሴቷ ተመለስ፤ ነጩን አሸዋ አስብ።

አያሌው፦ አሸዋውን ይተዉልኝ። የት እንዳሳረፏት ብቻ ይንገሩኝ።

ሸሻይ፦ ማንን?

አያሌው፦ ሮማንን ነዋ። መርዶ ሊነግሩኝ አይደል የመጡት?

(ሸሻይ የተዘቀዘቀውን ነጠላቸውን እንደገና ያያሉ።)

ሸሻይ፦ አያሌው፣ ሮማን ወለደች እኮ።

አያሌው፦ አዎ፣ ወልዳ ነው የሄደችው።

ሸሻይ፦ ወልዳ ገንፎ እየበላች ነው። ትናንት ከመርሳ በእግሩ የመጣ ሰው በዓይኑ አይቷታል። ሴት ልጅ ናት። አስካለም ደህና ናት፤ ኪኒኑን በሰዓቱ ካልዋጠ ወዮለት ብላሃለች።

አያሌው፦ አስካለ ናት ወዮለት ያለችው?

ሸሻይ፦ ቃል በቃል።

አያሌው፦ (መሬት ላይ ዝርፍጥ ይላል) እንግዲያው እውነት ነው።

(ከደጅ የወርቅነሽ ለቅሶ ይሰማል፤ የአብዱልጀሊልም “ኢና ሊላሂ” ይከተላል።)

አያሌው፦ የእኔን ጩኸት ሰምተው ነው። ይውጡና ይንገሯቸው።

ሸሻይ፦ (በሩን ከፍተው፣ በለሰለሰ ድምፅ) ወገኖቼ፣ አይዟችሁ፣ በመጀመሪያ ቁጭ በሉ።

(ለቅሶው ይበረታል።)

አያሌው፦ (ከውስጥ) ሮማን ወልዳለች። ሴት ልጅ። ሁለቱም ደህና ናቸው።

(ለቅሶው ወደ እልልታ ይለወጣል። ሸሻይ ተመልሰው ይገባሉ።)

ሸሻይ፦ እንዲህ በአንድ ጊዜ ይወረወራል? ያቺ ሴትዮ ልቧ ቀጥ ቢልስ?

አያሌው፦ እርስዎ ደስታ እንዳይገድለኝ ብለው በሐዘን ሊገድሉኝ ነበር።

ሸሻይ፦ ነጭ አሸዋ ሐዘን ነው? ፈረንጅ ያቺን ደሴት ለማየት ዕድሜውን ሙሉ ይመኛል።

አያሌው፦ ምኗን ብሎ?

ሸሻይ፦ መኪና አይደርስባትም፣ ስልክ አይሠራባትም፣ ሌሊቱ በኮከብ ብቻ ነው የሚበራው። ሰው ለዚህ ነው ጉድ የሚልላት።

አያሌው፦ (ጫማውን እየፈለገ) ጋሼ፣ በሉ ይነሱ።

ሸሻይ፦ ወዴት?

አያሌው፦ ለጉብኝት። መርሳ።

ሸሻይ፦ በምን?

አያሌው፦ በእግር። ሲሪንቃ ላይ ውሃ እንጠጣለን።

ሸሻይ፦ አብደሃል? መኪና የለ። ቢመሽብን መብራት የለ። አንዳችን ብንወድቅ የምንደውልበት ስልክ የለ።

አያሌው፦ ውበቷ እሱ አይደል?



ሸሻይ፦ ኬላ ላይ ማን ናችሁ ቢሉንስ?

አያሌው፦ ጎብኚዎች ነን እንላለና። የሰው እጅ ያላበላሻት አገር ፍለጋ።

ሸሻይ፦ ደግሞስ አራስ ቤት ባዶ እጅ ይገባል?

አያሌው፦ ሁሉን ጥለህ ነው የምትሄደው ያሉት እርስዎ ነዎት። እኔ ግን አስካለን ስለማውቃት ቅቤና በሶ ከያዝኩ ቆይቻለሁ። (ከአልጋው ሥር የታሰረ አኩፋዳ ያወጣል።) ይችን ቋጥሬ ወሬ ስጠብቅ ነው የሰነበትኩት። ወሬው ማለዳ መጣ፤ ብቻ በጀልባ ዞሮ ነው የመጣው።

ሸሻይ፦ (ከዘራቸውን ያነሣሉ) እኔ ካላጀብኩህ መንገድ ላይ ትቀራለህ። ለግፊትህ ስል ነው የምመጣው።

አያሌው፦ ይምጡ። ግን ነጠላዎን ያቅኑልኝ።

ሸሻይ፦ በእኔ ነጠላ ምን አገባህ?

አያሌው፦ እንዲህ ሆነው የሮማንን ደጃፍ ከረገጡ፣ አስካለ እኔ የሞትኩ ነው የሚመስላት።

ሸሻይ፦ እሱን ለእኔ ተወው። ቀደም ብዬ ገብቼ፣ አረጋግቼ፣ ቀስ አድርጌ አስረዳታለሁ።

አያሌው፦ አደራዎን ጋሼ። አንቱ ካስረዷትማ፣ አጠገብዎ ቆሜ እያየችኝ ታለቅስልኛለች።