የእትዬ ሹዪን የፈላ ውሃ

በየመንደሩ ሌላ ሰው በጠጣው ውሃ እንቅልፍ የሚያጣ አንድ ሰው አይጠፋም። በእኛ ዘንድ፣ በጋንሱ ክፍለ ሀገር ደረቅ ኮረብታዎች፣ ይህን ከባድ ሥልጣን የያዙት ክብርት እትዬ ሹዪን ናቸው። ማንም አልሾማቸውም፤ ሊሽራቸው የደፈረም የለም።

የምንጠጣው በጉድጓድ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ነው። ውሃ የሚያጠራውን ሻብ እንጨምርበትና ጭቃው ሲዘቅጥ ደስ ይለናል። እሳቸውን ግን ደስ አይላቸውም። «ጠራ እንጂ መቼ ፈላ?» ይላሉ።

ከሩቅ አገር ተድሬ በመጣሁ ማግስት፣ ጎረቤት ናቸውና ሊጠይቁኝ ገቡ። ሰላም ሳይሉኝ የእንስራዬን ክዳን አነሡ። ከዚያ ማንቆርቆሪያዬን አዩት። «ልጄ፣ ይሄ ገና እንፋሎት ነው ያወጣው። ሲንተከተክ ነው የሚወርደው።» ባለቤቴ ከኋላቸው ሆኖ አፉን ይዞ ይስቃል።

ሊቀመንበራችን ባኦቸንግ ልጁን ሲድር እንግዳ በዛና አሳላፊው በፈላው ሻይ ላይ ጥሬ ውሃ ቸለሰበት። እትዬ ሹዪን አዩት። ተነሡና በዘመድ አዝማድ ፊት ድስቱን እንዳለ መሬት ላይ ደፉት።

«ሰርጌን አዋረዱብኝ፣ እትዬ» አለ ባኦቸንግ ፊቱ ቀልቶ።

«ሰርግህማ ዛሬ ያልቃል። ተቅማጡ ነው የሚሰነብተው።»

አኮረፋቸው።

ድርቅ የገባ ዓመት የጉድጓዱ ውሃ ጎደለ፤ የቀረውም አረንጓዴ ሆነ። የበቆሎ አገዳ ስላልነበረ ማገዶ ለምግብ እንኳ አልበቃ አለ፤ ብዙዎቻችን ማፍላቱን ተውን። እትዬ ሹዪን ግን ከኮረብታው ለማገዶ የሚሆን ደረቅ የበግ በጠጥ ለቅመው፣ ውሃውን በትልቅ ድስት አፍልተው፣ በፔርሙዝ ቤት ለቤት ያዞሩ ጀመር። ውሃውን የሚያድሉት ከነተግሣጹ ነበር።

ባኦቸንግ ብቻ አልቀበልም አለ። ብዙም ሳይቆይ እናቱ በተቅማጥ ወደቁ።

እትዬ ሹዪን ሳይጠሩ ሄዱ፤ እኔም ተከተልኳቸው። በፈላ ውሃ ጨውና ስኳር በጥብጠው አሮጊቷን በማንኪያ ያጠጧቸው ጀመር።

«በቃኝ» አሉ አሮጊቷ።

«አንዲት ብቻ። ለእኔ ሲሉ።»

እንዲህ ለስለስ ብለው ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም። በየማንኪያው መሃል ጎንበስ ብለው የአሮጊቷን ትንፋሽ ያዳምጡ ነበር። በሩ ላይ የቆመው ባኦቸንግ ፊታቸውን እንዳያይባቸው ጀርባቸውን ሰጡት። ያን ጊዜ ገባኝ፤ ቁጣ የመሰለኝ ሁሉ ለካ ለእኛ መፍራት ኖሯል።

አሮጊቷ ዳኑ። ባኦቸንግ አንድ ጋሪ ማገዶ ከየትም ፈልጎ አምጥቶ እትዬ ሹዪን ደጅ አራገፈ። ይቅርታ ሊል አፉን ሲከፍት፣

«እርጥብ ነው» አሉት። «ፀሐይ ላይ ዘርጋው።»

ሲዘረጋ ዋለ። እሳቸው ሊጥ አቡክተው ኑድል ቆረጡ፤ ከዚያም ከአጥሩ ማዶ ጠሩኝ። «ነይ አብረን እንብላ። ይሄ ሰውዬ ብቻውን ከእኔ ጋር መብላት ይፈራል።»

በሁለቱ መሃል ተቀመጥኩ። እትዬ ሹዪን ለእሱ ደግመው ጨለፉለት፤ ለእኔም ሳይጠይቁኝ ጨመሩልኝ። ከእናቴ ቤት ከወጣሁ ወዲህ በሰው ቤት እስክጠግብ የበላሁት ያን ቀን ነበር።