ከሰሌዳው ያነሰችው ማጫወቻ

ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የጽሕፈት ቤታችን በር ተከፈተ። ባለጉዳዮች ከበሩ በስተግራ ካለው ሳጥን የወረፋ ቁጥር እየወሰዱ ፕላስቲክ ወንበሮቹ ላይ ተቀመጡ። የጽዳት ሠራተኛዋ ደረጃውን ወልውላ ጨርሳ ባልዲዋን ይዛ ወጣች። ከመስኮት አንድ እስከ መስኮት አራት ያሉት ሠራተኞች ኮምፒዩተራቸውን ከፈቱ። ፊት ለፊት ባለው ግድግዳ ላይ የሁለት ሰው አልጋ የሚያክል ቴሌቪዥን ተሰቅሏል፤ እንደ ወትሮው ጥቁር ነበር። ከሥሩ የቆመችው ቁጥር ጠሪያችን ጉሮሮዋን ጠርጋ «ቁጥር አንድ፣ መስኮት ሦስት!» አለች። ሥራ ተጀመረ።

ያ ቴሌቪዥን የተሰቀለው የወረፋ ቁጥር እንዲያሳይ ነበር፤ ሲያሳይም ኖሯል። ቁጥሩን ይልክለት የነበረው አሮጌ ኮምፒዩተር ከደረጃው ሥር በተቀመጠበት ውሃ ገብቶበት ካረፈ ወዲህ ግን የሚያሳየው የባለጉዳዮቹን ፊት ብቻ ሆነ፤ ጥቁር መስታወት ነውና። ሆኖም ሥራ አስኪያጃችን አርቆ አሳቢ በመሆናቸው አገልግሎቱ ለአንድ ቀን እንኳ አልተቋረጠም። «ድምፅ የሌለው ሠራተኛ አለ እንዴ?» ብለው ጠየቁ፤ ከመዝገብ ክፍል አንዲት ሴት አስመጥተው ከቴሌቪዥኑ ሥር አቆሟት። እነሆ ስምንት ወር ሙሉ በቀን ሁለት መቶ ሃምሳ ቁጥር ትጠራለች። ይህ በዓመታዊ ሪፖርታችን ላይ «የሰው ኃይልን በቴክኖሎጂ ቦታ በብቃት መጠቀም» በሚል ርእስ ተመዝግቧል። የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ የጽሕፈት ቤቱ ቃለ ጉባኤ ያዥ ነኝና።

በዚያው ሰኞ ከምሳ በፊት ቁጥር ጠሪዋ ከሐኪም ያመጣችውን ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ አኖረች።

«አንብቢልኝ» አለችኝ በሹክሹክታ።

«ራስሽ አንብበሽው የለ?»

«አንብቤዋለሁ። ከሰው አፍ ስሰማው ይሻል እንደሆነ ብዬ ነው።»

አልተሻለም። በድምፅ አውታሯ ላይ እብጠት ወጥቷል። ከዛሬ ጀምሮ ጮክ ብላ መናገር የለባትም። ካልተጠነቀቀች ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋታል፤ ከዚያ በኋላ ድምፅዋ ይመለሳል ብሎ የሚፈርም ሐኪም የለም።

ባሏ ዓይነ ስውር ከሆነ ሁለት ዓመቱ ነው። ደረጃው የት እንደሚጀምር፣ ብርጭቆው በየትኛው እጁ በኩል እንዳለ፣ ጎረቤቱ ምን ዓይነት አስቀያሚ ቀለም በሩን እንደቀባ የምትነግረው እሷ ናት።

«ዝም ብዬ ቤት ውስጥ ወዲያ ወዲህ ብል» አለችኝ፣ «ሌላ ሴት የገባች ይመስለዋል እኮ።»

«ደስ እንዳይለው ብቻ!» አልኳት።

እጇን አፏ ላይ ጭና ሳቀች። ሳቋ ድምፅ አልነበረውም። ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ተጣርቶ «አቤት» የሚል ሰው ማግኘት ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ወረቀቱን ይዤ ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባሁ።

ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበቡና መነጽራቸውን አወለቁ። ቴክኒሺያኑን አስጠሩት።

«ለዚህማ ትንሽዬ ማጫወቻ አለች፣ ጋሼ» አለ ቴክኒሺያኑ ገና በሩ ላይ ቆሞ። «መዳፍ ላይ የምታርፍ። ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ትሰካለች፣ አለቀ፤ ቁጥሩን ከመስኮቶቹ ተቀብላ ታሳያለች። ዋጋዋም ከአንድ ወንበር ያንሳል። ከምሳ በኋላ ይዣት እመጣለሁ።»

ሥራ አስኪያጁ ወደ እኔ ዞሩ።

«ሰማሽ? ከምሳ በኋላ! የሕዝብ ቴሌቪዥን፣ ከምሳ በኋላ!»

«ርካሽ ናት እኮ ጋሼ።»

«እሱ ነው የሚያስፈራው! ውድ ነገር ሲገዛ ሰው ሁሉ ይጠነቀቃል። ርካሽ ነገር ነው ሳይጠና የሚገባው።»

ይህን ጥልቅ አስተያየት ተከትሎ «የግድግዳ ቴሌቪዥን አነስተኛና ተመጣጣኝ ዋጋ ያለው ማጫወቻ መራጭ ዐቢይ ኮሚቴ» ተቋቋመ። ሰብሳቢው ሥራ አስኪያጁ፣ አባላቱ የንብረት ክፍል ኃላፊውና ቴክኒሺያኑ፣ ጸሐፊዋ እኔ። የኮሚቴውን ስም በአንድ መስመር ለመጻፍ ወረቀቱን በወርዱ ማዞር ነበረብኝ። በኋላ እንደታየው ስሙ ራሱ ከማጫወቻዋ ይረዝማል።

የመጀመሪያው ስብሰባ አጀንዳ አንድ ነበር፤ «ትንሽ ሲባል ምን ማለት ነው?» የሚል።

«ትንሽ ማለት» አለ ቴክኒሺያኑ፣ «ያው... ትንሽ ናት።»

«ለእኔ ይህ ሕንፃ ትንሽ ነው» አሉ ሰብሳቢው። «ለጉንዳን ደግሞ ይህ ስቴፕለር ተራራ ነው። ያለ መመዘኛ እንዴት እንግባባለን?»

ከሰዓት በኋላውን ሁሉ ስንመካከር ዋልን። ጠረጴዛው ላይ ስቴፕለር፣ የክብሪት ቀፎ፣ የሳሙና ማስቀመጫና የሥራ አስኪያጁ የመነጽር ቤት በቁመታቸው ተሰለፉ። በመጨረሻም እንዲህ ስል መዘገብኩ፦ «ኮሚቴው የትንሽነትን ጽንሰ ሐሳብ በስፋትና በጥልቀት ከመረመረ በኋላ፣ ትንሽ ማለት ትልቅ ያልሆነ መሆኑን በሙሉ ድምፅ አጽድቋል።» በዚያ ቀን በሕንፃው ውስጥ ሙሉ ድምፅ የተገኘው እዚያ ብቻ ነበር።

ምክንያቱም ታች አዳራሹ ውስጥ ቁጥር ጠሪዋ በሹክሹክታ መጥራት ጀምራ ነበር። እንደዚያ ጸጥ ያለ የባለጉዳይ አዳራሽ አይቼ አላውቅም። ሰዉ ሁሉ ትንፋሹን ውጦ፣ አንገቱን አስግጎ ያዳምጣል። ያስነጠሰ ሰው ላይ ሰባ ሰው ዞሮ ያፈጥጥበታል። አንዲት እናት የሚያለቅስ ሕፃኗን ይዛ ወደ ውጭ ስትሮጥ ተራዋ አለፈ። በሦስተኛው ቀን ቁጥር ጠሪዋ ብልሃት ዘየደች፤ በካርቶን ቁርጥራጭ ላይ ቁጥሮቹን በወፍራም ቀለም ጽፋ ከፍ አድርጋ ታሳይ ጀመር። ሥራው ፈጠነ። ሥራ አስኪያጁም ከላይ ሆነው አዩ፤ ወረዱ።

«ካርቶን?» አሉ። «ይህን በሚያህል ዘመናዊ ቴሌቪዥን ሥር ካርቶን? የመሥሪያ ቤቱ ገጽታስ?»

ካርቶኑ ተነጠቀ።

ሁለተኛው ስብሰባ ታሪካዊ ነበር፤ የንብረት ክፍል ኃላፊው ተናግረውበታልና። እኚህን ሰው ከኋላቸው «ሰሌዳ» እንላቸዋለን። በሠላሳ ዓመት አገልግሎታቸው አንዲት ብርጭቆ እንኳ አልጠፋችባቸውም። የጽሕፈት ቤቱ ንብረት የሆነ ነገር ሁሉ ቁጥር የተቀረጸበት የነሐስ ሰሌዳ፣ በአራት ሪቬት፣ ቀዳዳ ተበስቶለት በሚገባ የብረት ምስማር፣ በእርሳቸው እጅ ይመታበታል። ሰሌዳው የሲጋራ ፓኮ ያክላል። በግድግዳ ሰዓቱ ላይ አለ፤ ስለዚህ ከሰባት እስከ ዘጠኝ ያሉት ሰዓቶች አይታዩም። በሥራ አስኪያጁ ፔርሙስ ላይ አለ፤ ፔርሙሱ ከዚያ ወዲህ ምንም ሙቀት አይዝም። ሰሌዳ የተመታበት የአበባ ማስቀመጫ ደግሞ አበባው ሞቶ ሰሌዳው ያበራል።

«የማጫወቻዋ መጠን የትኛውን ያክላል?» ብለው ጠየቁ።

ቴክኒሺያኑ የክብሪት ቀፎውን አነሳ። «ይህችን ታክላለች።»

የንብረት ክፍል ኃላፊው ከኪሳቸው አንድ ሰሌዳ አውጥተው ቀፎው ላይ አኖሩት። ቀፎው ከሥሩ ጠፋ።

«ታዲያ ትንሽ ሰሌዳ ይሠራ» አልኩ።

«ሁለት ሺህ ሰሌዳ ግምጃ ቤት ተቀምጦ?»

«ቁጥሯን በወረቀት ጽፈን ብንለጥፍባትስ?» አለ ቴክኒሺያኑ።

«ወረቀት! ነገ ደግሞ በእርሳስ እንጻፍ በለኛ!»

«ታዲያ ያለ ሰሌዳ ትሥራ፣ ጋሼ። ማን ያያታል? ከጀርባ ናት እኮ።»

የንብረት ክፍል ኃላፊው ወንበራቸውን ወደ ኋላ ገፉ። «ሰሌዳ የሌለውን ነገር እኔ አላየሁትም፣ አላውቀውም። ስለማላውቀው ነገር ስብሰባ ላይ አልቀመጥም።»

ሰብሳቢው ለምነው መለሷቸውና ታላቅ ንግግር አደረጉ። ትንሽነት ከኃላፊነት እንደማያድን፣ አንድ ዕቃ የሚከበረው በተሸከመው ቁጥር እንደሆነ አብራሩ። ማጫወቻዋ ትገዛ፤ ሰሌዳውም ይመታባት፤ የሚተርፈው ጠርዝ ወደ ውጭ ይውጣ ተብሎ ተወሰነ። ይህን ለመወሰን ሁለት ሳምንት ፈጅቷል። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ የቁጥር ጠሪዋ ድምፅ የሚሰማው ሁለት እርምጃ ድረስ ብቻ ሆኖ ነበር።

ማጫወቻዋ መጣች። ጥቁር፣ ለስላሳ፣ ግንባሯ ላይ ሰማያዊ መብራት ያላት። ቴክኒሺያኑ ወዲያው ቴሌቪዥኑ ላይ ሰክቶ ሊሞክራት ሲል የንብረት ክፍል ኃላፊው ድሪላቸውን ይዘው ቀደሙት።

«ጋሼ፣ በፈጠረዎት! ውስጧ ባዶ ቦታ የላትም። ከተበሳች ትሞታለች።»

«አንተ ደግሞ ሟርት ትወዳለህ። መጀመሪያ ትመዝገብ፣ ከዚያ ትሥራ።»

የመጀመሪያው ቀዳዳ ሲበሳ የተቃጠለ ሽታ ወጣ። በሁለተኛው ሰማያዊ መብራቷ ጠፋ። ሦስተኛውና አራተኛው የተበሱት መመሪያው አራት ስለሚል ነው። ሰሌዳው ተመታ፤ የንብረት ክፍል ኃላፊው በመሐረባቸው ወለወሉት። ከዚያ ተሰካች። ቴሌቪዥኑ ጥቁር እንደሆነ ቀረ።

«ምን ጎደላት?» አሉ ሥራ አስኪያጁ።

«ምንም አልጎደላትም ጋሼ» አለ ቴክኒሺያኑ። «አራት ቀዳዳ ተጨመረላት እንጂ።»

«ሌላ ይገዛ» አልኩ።

የንብረት ክፍል ኃላፊው መዝገባቸውን ገለጡ። «አንድ አዲስ ማጫወቻ ይላል። አዲስ እያለ ሌላ አዲስ አይገዛም። ይህችኛዋ አርጅታ የምትወገደው ከአምስት ዓመት በኋላ ነው።» አምስት ዓመቱን በክብር እንድታሳልፍ፣ ሰሌዳዋ ለሕዝብ እንዲታይ አድርገው፣ ከቴሌቪዥኑ ጎን በሚስማር ሰቀሏት።

በማግስቱ ጠዋት ቴሌቪዥኑ በራ።

ቁጥር አንድ፣ መስኮት ሁለት። በትላልቅ ፊደል፣ ከደወል ጋር። ቴክኒሺያኑ ከራሱ ኪስ ሁለተኛ ማጫወቻ ገዝቶ፣ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ በፕላስተር ለጥፎ ነበር። ይህን የምናውቅ እርሱ፣ ቁጥር ጠሪዋና እኔ ብቻ ነን። እሷ በስምንት ወር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበር ስባ ተቀመጠች። እስከ ምሳ ድረስ አንዲት ቃል ሳትተነፍስ፣ እንደ ሙሽራ ተኮፍሳ ሰዉን ስታይ አረፈደች።

ሥራ አስኪያጁ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለሉ ወረዱ። ቴሌቪዥኑን አዩ፤ ሚስማሩ ላይ ያለችውን ባለ ሰሌዳ አዩ።

«አላልኳችሁም?» አሉ። «ቴሌቪዥኑ እስኪለምዳት ነበር!»

የንብረት ክፍል ኃላፊው ራሳቸውን በትሕትና ነቀነቁ። «ሪቬቱ ነው» አሉ። «ሪቬት ያረጋጋል።»

ሥራ አስኪያጁ በዚያው ቆመው ለባለጉዳዮቹ ስለ ቴክኖሎጂና ስለ ቁርጠኛ አመራር ንግግር አደረጉ። ባለጉዳዮቹ ወረፋውን ያፈጥነው መስሏቸው አጨበጨቡ። የሌላ መሥሪያ ቤት ልዑካን ልምድ ለመቅሰም መጥተው አራቱን ቀዳዳዎች ፎቶ አነሱ። ሁለቱ «ቀዳዳው በስንት ሚሊ ሜትር ነው?» እያሉ ማስታወሻ ያዙ።

ሦስት ሳምንት እንዲህ በደስታ አለፈ። ቁጥር ጠሪዋ ሐኪሟ ዘንድ ሄዳ ተመለሰችና ጆሮዬ ሥር «ቀንሷል ይላል» አለችኝ። «አንድ ወር ካልጮህኩ ይጠፋል። ባሌ አሁን አሁን በሹክሹክታ ሳወራው፣ ከማን ተደብቀን ነው ይለኛል።»

ከዚያ ዓመታዊ የንብረት ቆጠራ ደረሰ። የንብረት ክፍል ኃላፊው መሰላልና ባትሪ ይዘው ወደ አዳራሹ ገቡ፤ ማንም ያላየውን የሚያዩ ሰው ናቸውና ከቴሌቪዥኑ ጀርባ አበሩ።

«ይህ ምንድን ነው?»

ቴክኒሺያኑ ከመስኮት አራት ዘሎ መጣ። «ጋሼ፣ እንዳይነኳት! እሷ ናት የምታሠራው!»

«የምታሠራውማ ያቺ ናት፣ ሰሌዳ ያላት። ይህ ባዕድ ዕቃ ነው።»

«እሺ፣ ያቺን ይንቀሏት እስኪ! ይንቀሏትና ቴሌቪዥኑ ከጠፋ እኔን ያባሩኝ!»

«የተመዘገበ ንብረት ያለ ትእዛዝ አይነቀልም» አሉ የንብረት ክፍል ኃላፊው። ያልተመዘገበውን ነቀሉት። በፖስታ ከትተው አሸጉት፤ ፖስታው ላይ «ምንነቱ ያልታወቀ» ብለው ጻፉ።

ቴሌቪዥኑ ቁጥር ስልሳ አንድ ላይ ሳለ ጨለመ።

ሥራ አስኪያጁ ከላይ ጮኹ። «ሥራ እንዳይቋረጥ! ጥሪ እንጂ አንቺ! ምን ትጠብቂያለሽ?»

ቁጥር ጠሪዋ ተነሳች። ስልሳ ሁለተኛው ባለጉዳይ ትንፋሹን ውጦ አያት። ከወንበሯ ጀርባ ቦርሳዋን አነሳች፤ ከወረፋ ወረቀቶቹ በአንዱ ጀርባ አንድ መስመር ጽፋ ሰጠችኝና ወደ በሩ ሄደች። ማንበብ ሥራዬ ነው፤ ጮክ ብዬ አነበብኩት።

«ድምፄ ቤት ይፈለጋል።»

«ማን ፈቀደላት?» አሉ ሥራ አስኪያጁ።

የንብረት ክፍል ኃላፊው የመውጫ ደብተራቸውን አገላበጡ። ሰሌዳ የሌለው ነገር ስለማይመዘገብበት በዚያ ቀን ከጽሕፈት ቤቱ የወጣ ነገር እንደሌለ አረጋገጡ። እኔም በቃለ ጉባኤ ያዝኩት።

የሚተካትን ለመምረጥ ኮሚቴ ተቋቁሟል፤ «ድምፅ ሲባል ምን ማለት ነው?» የሚለውን አጀንዳ ለሦስተኛ ጊዜ እያየ ነው። ቴሌቪዥኑ ግድግዳው ላይ አለ። ማጫወቻዋ ከነሰሌዳዋ ሚስማሯ ላይ አለች። ቃለ ጉባኤዎቹ በየተራቸው ተጠርዘዋል። ባለጉዳዮቹ ቁጥራቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። የሚጠራቸው ሰው የለም።