የሐጅ መሐላና የረሻ ፍሬን

መኪና ሲወደስ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ሁሉም ስለ መሮጡ ነው። «ጥይት ነው»፣ «አስፋልቱን ይበላዋል»፣ «ዓይንህን ጨፍነህ እስክትገልጥ አድርሶሃል» ይሏችኋል። እንዴት እንደሚቆም የሚነግራችሁ የለም። እኔ ግን ዕድሜዬ እየገፋ ሲሄድ ጥያቄዬ ተገለባበጠ። ሰርግ ስጠራ መቼ ያልቃል እላለሁ። እንግዳ ሲገባ መቼ ይነሳል እላለሁ። ሰው ወሬ ሲጀምርልኝ ማቆሚያው የት እንዳለ ቀድሜ አያለሁ። ስለ ራሴ ምላስ አትጠይቁኝ፤ እሱ ሲሠራም ፍሬን አልተገጠመለትም።

ትምህርት ቤት ደጃፍ ላይ ፀሐይ ሞቃ የተመለሰች አሮጊት ስለ መኪና ፍሬን ምን ታውቃለች የሚል ካለ ትንሽ ይታገሥ። እኔ አሰለፈች የረገጥኩትን ፔዳል እሱ አልረገጠም።

ነገሩ የሆነው ጦርነቱ ሳይመጣ፣ ካርቱም ውስጥ ሰው ስለ መብራትና ስለ ዳቦ ብቻ ያማርር በነበረበት ጊዜ ነው። እኔ የማድረው የእኛ ሰው በሚበዛበት ሰፈር፣ ሳጃና ነው፤ የምሠራው ካፉሪ፣ ያ አጥሩ ከቤቱ የሚበልጥ የሀብታም ሰፈር። እዚያ በሐጅ ዑስማን ግቢ ወጥ ቤቱ የኔ ነበር። ወጥ ሠሪ ነበረች ለማለት የቸኮላችሁ በሉ፣ አልከለክልም። ግን በዚያ ቤት ጨው እንኳ የሚነሰነሰው በኔ ፈቃድ ነበር።

ሐጅ ዑስማን ደግ ሰው ናቸው፤ አንድ አመል ብቻ አለባቸው። ይምላሉ። መሐላ ስላችሁ እኛ ቤት የምታውቁትን፣ «አፈር ስሆን» የሚባለውን ዓይነት እንዳይመስላችሁ። እሳቸው የሚሉት «ዐለይ ጠላቅ» ነው፤ ያልኩት ካልሆነ ሚስቴ ፈት ትሁን ማለት ነው። ሱዳን የኖረ ሰው ያውቀዋል። እንግዳው ጠግቤያለሁ ሲል የቤቱ ጌታ ዐለይ ጠላቅ ይላል፤ እንግዳው የሰው ትዳር ላለማፍረስ ሲል እንደገና ወደ ሳህኑ ይመለሳል። እኔ ራሴ በዚህ አገር ስንቱን ትዳር በሆዴ እንዳተረፍኩ አልናገርም።

መሐላው ባይሆንስ? ለእሱም መድኃኒት አለው፣ ከፋራ ይሉታል፤ አሥር ችግረኛ ማብላት ነው። አብሳዩ ማን እንደሆነ ገብቷችኋል። ሐጅ ምላሳቸው በሳተ ቁጥር የኔ ወገብ ይከፍላል።

አሁን ወደ ረሻ ልምጣ። እሷን ላወድስ ነው የተነሳሁትና ደህና አድርጌ ላወድሳት። ረሻ የሐጅ የመጨረሻ ልጅ ናት፤ የጥርስ ሐኪም። ሌላዋ በሷ ዕድሜ ወርቅ ስትገዛ እሷ በላቧ ያገኘችውን አጠራቅማ በመርከብ አንድ የስፖርት መኪና አስመጣች። ቁመቱ እስከ ወገቤ ነው። ለመግባት መጎንበስ አይበቃም፣ መስገድ ያስፈልጋል። ሲነሳ የሰፈሩ ድመት ሁሉ አጥር ላይ ይወጣል። ወንድሞቿ ቁልፉን ለምነው ለምነው ሰለቹ፤ ለአንዳቸውም አልሰጠችም። ወደድኳት።

አንድ ቀን ግን ከመደኒ ከተማ ስትመለስ፣ በዚያ እሳት በሚተፋ ሙቀት፣ መንገዱን ሁሉ ስትበርና በየጭነት መኪናው ኋላ ፍሬን ስትይዝ ዋለችና በራችን ላይ ስትደርስ ፔዳሉ ሰጠመ። መኪናው መቆም ሲገባው ሄደ። ከበሩ ጎን፣ በዛፉ ጥላ ሥር፣ ሐጅ በእናታቸው ስም ለመንገደኛ ያስቀመጧቸው የውሃ ዚሮች ነበሩ፤ ትልልቅ የሸክላ ጋኖች። ነበሩ ማለቴን ልብ በሉ፤ መኪናው ሁሉንም ፈጫቸው። ውሃው እስከ አስፋልቱ ወረደ።

ሰው አልተነካም። ግን እዚያ ጥላ ሥር ሰው የማይጠፋበት ሰዓት የለም። ሐጅ ወጥተው ጎንበስ አሉና የመጠጫውን ጣሳ አነሱ፤ እንደ ቂጣ ተጠፍጥፏል። ጣሳውን አገላበጡት።

«ዐለይ ጠላቅ» አሉ በመጨረሻ፣ «ይህ መኪና ከዚህ በር ተነድቶ አይወጣም። የሚገዛው ሰው ጎትቶ ይውሰደው።»

ሚስታቸው ሐጃ ዘይነብ በረንዳው ላይ ሆና ሰማች። «በስኳር ፈትተኸኛል፣ በውሃ ፓምፕ ፈትተኸኛል» አለች፣ «ዛሬ ገና በውድ ነገር ፈታኸኝ።»

ረሻ አላለቀሰችም። አባቷንም አልተጨቃጨቀችም። ጣሳውን ከእጃቸው ተቀብላ ኪሷ ከተተችው፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጣሳው መኪናው ውስጥ፣ መሪው ፊት ለፊት ተቀመጠ። ማታ ወጥ ቤት መጥታ ምን እንደሆነ ነገረችኝ። የፍሬኑ ዘይት ፈልቷል አለችኝ። ሲፈላ አረፋ ይሆናል፤ አረፋ ሲረግጡት ይጨፈለቃል እንጂ አይገፋም። ይህን ለኔ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ዕድሜዬን በሙሉ ሲፈላ የኖረ ነገር ፊት ቆሜያለሁ።

«ታዲያ እሳቱን መቀነስ ነው» አልኳት።

«ወይም ድስቱን ማሳደግ» አለች።

አሳደገችው። ከውጭ ያዘዘችው ዲስክ፣ ከጎማው ጋር የሚዞረው ክብ ብረት፣ ሲመጣ የኔን ትልቁን ድስት ክዳን አከለ። ዲስኩን ግራና ቀኝ ነክሶ የሚይዘውን ብረት፣ ካሊፐር የሚሉትን፣ እያገላበጠች ስታይ የሰው መንጋጋ የያዘች ነው የምትመስለው። ብታስቡት ሥራዋ ነው፤ መንከስ ምን እንደሆነ ከሷ በላይ ማን ያውቃል? በየዕረፍት ቀኗ የክሊኒኳን ጓንት አጥልቃ፣ ግቢ ውስጥ በኒሙ ዛፍ ጥላ ምንጣፍ አንጥፋ መኪናው ሥር ትተኛለች። የጎማው ቸርኬ አዲሱን ዲስክ ውስጡ መያዝ ይችል እንደሆነ ለማወቅ አስቀድማ በካርቶን ልክ ቆርጣ ሞከረች። አይችልም። ተቆጣች? ሌላ ቸርኬ አስመጣች። ዲስኩን የሚነክስ አዲስ የፍሬን ሸራ፣ ቶሎ የማይፈላ ዘይት፣ ሲረገጥ የማይነፋ ቱቦ። ለፍጥነቱ አንዲት ብሎን አልጨመረችም። በዚያ ቤት ወጣት ሆኖ ለመቆም የሚደክም ሰው ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ሐጅ በየማታው ጀለቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ መቁጠሪያ ይዘው፣ ሌላ ጉዳይ እንዳላቸው ሆነው በዚያ ያልፋሉ። ዲስኩን ያያሉ። «ማሻአላህ» ይላሉ በአፍንጫቸው። ከዚያ መሐላቸው ትዝ ሲላቸው ፊታቸውን አጥቁረው ይገባሉ። አንድ ሐሙስ ጠዋት ደግሞ ቅዳሜ ደላላው ገዢ ይዞ እንደሚመጣ ተናገሩ። ለማንም አልተናገሩትም፣ ለዛፉ ነው የተናገሩት። ረሻ ሰማች። ጓንቷን አላወለቀችም።

ያን ቀን የቀረው አየሩን ከዘይቱ ማስወጣት ነበር። አንድ ሰው ፔዳል ይረግጣል፣ እሷ ከጎማው ሥር ሆና ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። ሳትዘጋ ፔዳሉ ከተለቀቀ አየር ተመልሶ ይገባል፣ ሥራው ሁሉ ከሀ ነው። መጀመሪያ ሐጃ ገባች። ደህና ይዛ ሳለ ሐጅ ከውስጥ «ያ ሐጃ» ብለው ተጣሩ። ሐጃ «አቤት» ስትል እግሯም አብሮ አቤት አለ።

«ዩማ፣ አየር አስገባሽበት» አለች ረሻ እናቷን ከታች።

«ተነሺ ሐጃ» አልኩ፣ «ይህ ባል ሲጠራ የሚኬድበት ሥራ አይደለም።» ነጠላዬን ትከሻዬ ላይ አስሬ ገባሁ። አገባቤን ባታዩት ይሻላችኋልና አልተርክላችሁም።

«ኻልቲ» ትለኛለች፣ አክስቴ ማለቷ ነው፤ «ርገጪ።» ረገጥኩ። «ያዢ።» ያዝኩ። ፉሽ ይላል ከታች። «ልቀቂ።» ለቀቅኩ። መጀመሪያ ሊጥ የረገጥኩ ይመስለኝ ነበር። እየቆየ እየጠጠረ፣ እየጠጠረ ሄዶ ድንጋይ ሆነ። ሐጅ ወጥተው «ያ አሰለፍ፣ ምሳ የት አለ?» አሉ። እግሬን አላነሳሁም። «የሚነሳው እግሬ ሳይሆን ድስቱ ነው፤ ራስዎ ያውጡት» አልኳቸው። በዚያ ቤት ከገባሁ ሐጅ ወጥ ሲያወጡ ያን ቀን አየሁ።

«አለቀ?» አልኳት ስንጨርስ።

«አላለቀም። ሸራውና ዲስኩ መላመድ አለባቸው። መንገድ ወጥቶ መሮጥ፣ ጠንከር አድርጎ መያዝ፣ ሳይቆሙ መልቀቅ፣ እንደገና መሮጥ፤ እስኪግል። ከዚያ ፍሬን ሳይነኩ እየነዱ ማብረድ። ካልሆነ ፍሬን አይደለም።»

እንዲህ ያለውን እኛ ማሟሸት እንለዋለን። አዲስ ሸክላ ድስት ገዝቶ ሳያሟሽ ወጥ የሚጥድ ሴት ካለች አላውቃትም፣ ማወቅም አልፈልግም። ግን ችግሩን ተመልከቱት። ሐጅ መኪናው መቆሙን ሳያዩ ልባቸው አይለቀውም። መኪናው መንገድ ሳይወጣ አይቆምም። መንገድ ደግሞ በመሐላ ተዘግቷል። ልጅቷም አባቷን «መሐላህን ብላ» ብላ አትለምንም፣ አባትየውም ከአፋቸው የወጣውን መልሰው አይውጡም፤ ሁለቱም አንድ ደም ናቸው። ቅዳሜ መኪናው ይጎተታል።

ዓርብ ጠዋት አትክልት ልገዛ ስወጣ የመስጊዱን ሼኽ አገኘኋቸውና ጠየቅኳቸው። ሰውየው ያሰቡት ሚስት መፍታት ሳይሆን መኪና ማቆም ከሆነ ከፋራ ይበቃል አሉኝ። ክርስቲያን መሆኔን ያውቃሉ፤ ጥያቄዬ የሥራ ጥያቄ መሆኑንም ያውቃሉ። ተመልሼ ትልቁን ድስት ጣድኩ።

ሐጅ ከጁምዓ ሶላት ሲመለሱ፣ ዚሮቹ የነበሩበት ጥላ ሥር አሥር ሰው ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ ይበላል። ዘበኞች፣ ጡብ ተሸካሚዎች፣ ሥራ የጠፋባቸው ሁለት የሳጃና ሴቶች።

«እነዚህ እነማን ናቸው?»

«የእርስዎ እንግዶች ናቸው።»

«ማን ጠራቸው?»

«ምላስዎ።»

ሐጅ ቆሙ። ጥምጥማቸውን ነካ ነካ አደረጉ። ሰዎቹን አዩ፣ በሩን አዩ፣ ከበሩ ውስጥ ጓንቷን አጥልቃ የቆመችውን ልጃቸውን አዩ። የረታ ሰው ፊት አላሳዩም፣ የተረታም አላሳዩም። «ሥጋው ለሁሉም ደርሷል?» አሉ።

ደርሷል።

«እንግዲያው መኪናው ሲወጣ እኔም አብሬ እገባለሁ። አንቺም፣ ዐለይ ጠላቅ፣ አንቺም ትገቢያለሽ።»

ገና የመጀመሪያው መሐላ ድስት ሳይታጠብ። ገባሁ፤ ምን ላድርግ? የኋላ መቀመጫው ለሰው አልተሠራም፤ የሴት ቦርሳ ማኖሪያ ነው። ጉልበቴ አገጬን ነካው።

ዓርብ ከምሳ በኋላ ካርቱም ይተኛል። ከካፉሪ ዳር ያለው ሰፊው መንገድ ባዶ ነበር። ረሻ ሮጠች፣ ያዘች፣ ሳትቆም ለቀቀች፣ ሮጠች። ስትይዘው ቀበቶው ሆዴ ውስጥ ይገባል፤ መኪናው ግን ወዲህ ወዲያ አይልም፣ መሬቱ ላይ ይቀመጣል እንጂ። የሚቃጠል ነገር ሸተተኝ።

«ያ ቢቲ፣ ልጄ፣ እየተቃጠልን ነው» አሉ ሐጅ።

«መቃጠል አለበት አቡይ።»

ከኋላ ሆኜ የሐጅን እግር አየሁት። ረሻ ፍሬን በያዘች ቁጥር እሳቸውም በጫማቸው ወለሉን ይረግጣሉ፣ ረግጠውም ይይዛሉ። በሳቸው በኩል ፔዳል እንደሌለ የነገራቸው የለም። ይህንን የሌለ ፔዳል ቤታቸው ውስጥ ስንት ዓመት ሲረግጡት እንደኖሩ አሰብኩ፤ የሳቸው ዘይት ከፈላ ቆይቷል። የከፈትኩትን አፌን በነጠላዬ ከደንኩት። አዎ፣ እኔ።

አሁን ማብረዱ ሲጀመር መከራችን መጣ። የሐጅ የልብ ወዳጅ ዐም በሺር ከበራቸው ፊት ወንበር አውጥተው ተቀምጠዋል። ሱዳን ውስጥ ወዳጅን አይቶ ማለፍ አይታሰብም፤ ይቆማል፣ ይወረዳል፣ ስለ ቤተ ሰቡ እስከ ፍየሉ ይጠየቃል። ዐም በሺር እጃቸውን አነሱ።

«ቁሚ» አሉ ሐጅ።

«አልችልም አቡይ። ሲግል ከቆምኩ ሸራው ዲስኩ ላይ ይጣበቅበታል፣ ልፋቴ ገደል ገባ።»

ሐጅ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው አለፉ። መንገዱ ዞሮ እዚያው ይመልሳልና ተመልሰን መጣን። ዐም በሺር አሁን ተነስተው ቆመዋል። አለፍናቸው። ሦስተኛ ስንመጣ እጃቸውን አላነሱም፤ ወንበራቸውን አዙረው ጀርባ ሰጡን።

«ያ ሰው ከእንግዲህ ብሞት እንኳ አይቀብረኝም» አሉ ሐጅ። ላባቸው ይወርዳል። እንኳን በልመና፣ በመሐላም የማይቆም ነገር ላይ ተቀምጠው አያውቁም። ግን አልማሉም። ይህንን ልብ በሉልኝ፣ አልማሉም። ልጃቸው መሪውን እንደያዘች፣ የተጠፈጠፈውን ጣሳ ፊቷ እንዳስቀመጠች፣ በጎን አዩአት፤ መቁጠሪያቸውንም ኪሳቸው ከተቱት።

«አሁን በረደ» አለች ረሻ በመጨረሻ። «የት ላቁምልህ?»

«ከበሺር ፊት።»

መጣች፣ በምትመጣበት ፍጥነት መጣች። እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ሐጅ ወለሉን ረገጡ። ስገልጥ የመኪናው አፍንጫ ከዐም በሺር ወንበር አንድ ክንድ ርቆ ቆሟል፤ አቧራው እንኳ ነጭ ጀለቢያቸው ላይ አልደረሰም። ጣሳው ከቦታው ፈቀቅ አላለም።

ሐጅ እንደ ሙሽራ ወረዱ። «አየኸው ያ በሺር? ልጄ ናት የሠራችው። በገዛ እጇ ናት» አሉ። ሰላምታውን ያስታወሱት ከዚያ በኋላ ነው። ነገሩ ሁሉ ሲብራራላቸው ዐም በሺር ተንበርክከው ዲስኩን በቸርኬው ቀዳዳ አዩና ፈነደቁ። እኛ ልንሄድ ስንል ግን እጃቸውን ዘረጉ።

«ዐለይ ጠላቅ፣ ሳትበሉ ሳትጠጡ ከዚህ አትነቃነቁም።»

ያ ሁሉ ብረት፣ ያ ሁሉ ድካም፣ በሁለት ቃል ቆምን። እስከ መግሪብ፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ፣ ተቀመጥን፤ እኔም ጠግቤ ሳለ አንድ ትዳር አተረፍኩ።

ደላላው ቅዳሜ መጥቶ በባዶ እጁ ተመለሰ። ሐጅ ለመጣው ለሄደው ሁሉ የረሻን ፍሬን ያወድሱ ጀመር፤ እንደሱ ያለ ፍሬን ሱዳን ምድር ላይ የለም፣ ፀጉር ላይ ይቆማል ይላሉ። በሳምንቱ አዳዲስ ዚሮች ገዝተው አመጡ። ጣሳም አዲስ ገዙላቸው።

ያስቀመጧቸው ግን ከበሩ ዛፍ ወዲያ ማዶ፣ ከግንዱ ጀርባ ነው።