የዎልሱን ጣት ዘበኞች

[የኮሪያዋ ጄጁ ደሴት፣ ጠላቂ ሴቶች ከባሕር ወጥተው የሚሞቁበት፣ በድንጋይ የታጠረ እሳት ዳር። ዎልሱን ያበጠ ጣቷን ሽቅብ ቀስራለች። ታናሿ ቡንሌ የጎማ ልብሷን ታራግፋለች።]

ቡንሌ፦ እኔ ምን አገባኝ እትዬ። አለቃችን ግን ያበጠ እጅ ይዞ ባሕር መግባት የለም ብላለች። ነገ ደግሞ የባሕር ቀንድ አውጣ ለቀማው ይከፈታል።

ዎልሱን፦ ማን አብጦ? ሥራ ላይ ናቸው እንጂ።

ቡንሌ፦ እነማን?

ዎልሱን፦ ዘበኞቼ። ሐኪሙ ነው የነገረኝ። የባሕር ጃርት እሾህ ሲወጋሽ፣ ቆዳሽ ሥር የሚኖሩት ዘበኞች ወዲያው ይጮኻሉ።

ቡንሌ፦ [ጆሮዋን ጣቱ ላይ ለጥፋ] ዝም ብለዋል።

ዎልሱን፦ በጆሮ አይሰማም፣ አንቺ ደንቆሮ። በጩኸቱ ደም ወደ ጣቴ ይጎርፋል፤ የሚቀላውም የሚሞቀውም ለዚህ ነው። በሰዓታት ውስጥ ነጫጮቹ ወታደሮች ደርሰው ጀርሙን ይውጣሉ። ውጠው ውጠው ይሞታሉ። መግል የምትይው የእነሱ ሬሳ ነው።

ቡንሌ፦ ውይ፣ ላንቺ ብለው ሞተው? ታዲያ ለሙታን እንደምናደርገው ሩዝና ዓሣ አቅርበሽ ሰገድሽላቸው?

ዎልሱን፦ ለመግል ልስገድ?

ቡንሌ፦ ለሟች አማትሽ በየዓመቱ ትሰግጂ የለ እንዴ። እሷ እንኳን ልትሞትልሽ፣ ውኃ አቀብላሽ አታውቅም።

ዎልሱን፦ [ሳቋን እየዋጠች] ሬሳውን ትልልቆቹ በላተኞች መጥተው ይጠርጉታል። ከዚያ እብጠቱ ይጎድላል፣ ሁሉም ወደየቤቱ።

ቡንሌ፦ መቼ?

ዎልሱን፦ ቢበዛ በሳምንት።

ቡንሌ፦ አንቺን የወጋሽ ጨረቃ ሙሉ ሆና ሳለ ነው። አሁን ጨረቃ የለችም፤ ሁለት ሳምንት አልፏል።

ዎልሱን፦ የእኔ ዘበኞች ትጉ ናቸው።

ቡንሌ፦ ወይም ሌባው ገና ቤት ውስጥ ነው።

ዎልሱን፦ እሾሁን እዚሁ ቁጭ ብዬ በገዛ እጄ ነቅዬዋለሁ።

ቡንሌ፦ እዚሁ? ጭሱ መሐል?

ዎልሱን፦ የት ልቀመጥ ታዲያ? ጭስ የማይደርስበት ድንጋይ የአንደኛ ደረጃ ጠላቂዎች ነው። ስንት ዓመት ተመኘሁት። ነገ ብዙ ካወጣሁ እዚያ ነው የምቀመጠው።

ቡንሌ፦ ዓይንሽን ጨፍነሽ ነው የነቀልሽው ማለት ነው። ነይ እስቲ።

[ጎትታ የአንደኞቹ ድንጋይ ላይ ታስቀምጣታለች። በወረንጦ ከጣቷ ጥቁር ስባሪ ትመዛለች።]

ዎልሱን፦ ወይኔ እናቴ። ይሄ ሁሉ እኔ ውስጥ?

ቡንሌ፦ እነሱ ሲጮኹ አንቺ ስለ ጩኸታቸው ታስተምሪ ነበር።

ዎልሱን፦ [ድንጋዩን እየዳበሰች] ነገስ?

ቡንሌ፦ ነገ እኔ እጠልቃለሁ። ድንጋዩንም እሞክረዋለሁ። አንቺ ሐኪም ጋ ሄደሽ አሳዪው፣ ከዚያ ቤት ተቀምጠሽ ለሙታኑ ሩዝ ቀቅዪ።

ዎልሱን፦ [ጣቷን አይታ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ] ስንት ሳህን ይበቃቸዋል?